በረካ፣ ሁለት፣ ሦስት

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሰባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሰባ ሦስት የሚለው መታወቂያዬ ነው። እናቴ በሕይወት ብትኖር ትከራከረው ነበር። እኔ ግን ከታተመ ነገር ጋር አልከራከርም፤ ከሰው ጋር መከራከሩ ይበቃኛል።

ያን ዓመት ነው የልጄ ልጅ ስህተት እንድሠራላት የለመነችኝ። የሰው ልጅ አያቱን ምክር ይጠይቃል፣ ምርቃት ይጠይቃል። የኔዋ ስህተት ጠየቀችኝ።

ቤታችን ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ነው። እኔና ባለቤቴ፣ ወንዱ ልጄም ከነቤተሰቡ፣ በአንድ ግቢ ነን። ልጅቷ የእሱ የመጀመሪያ ናት። እዚሁ ጅማ ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተር ትማራለች። እዚያ ትምህርት ውስጥ ሲ የሚባል ቋንቋ አለ። ስሙ አንድ ፊደል ነው። ስም ሊያወጡለት የተሰበሰቡ ቀን ዝናብ መጥቶባቸው ሳይጨርሱ የተበተኑ ይመስለኛል። ሰው ከሰው አይነጋገርበትም፤ ማሽን ይታዘዝበታል።

በዚህ በሲ ነው አንድ ጊዜ የወደቀችው። የፈተናውን ነገር ልንገራችሁ። ተማሪው ፕሮግራም ይሠራል። ፈተናው ቀን ግን ቁልፎቹን የሚነካው ተማሪው አይደለም። መምህሩ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ከግቢው ያስመጣና ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ያ ሰው ያሻውን ይጽፋል። ፕሮግራሙ ችሎ ከቆመ ተማሪው አለፈ፤ ፕሮግራሙ ከወደቀ ተማሪውም አብሮ ወደቀ። ባለፈው ያስቀመጠባት የግቢውን ሻይ ሻጭ ነበር። ማሽኑ ቁጥር ሲጠይቃት ሴትዮዋ ስሟን ጻፈች። ስንት ነሽ ሲሏት ማን እንደሆነች ተናገረች፤ ምን አጠፋች? ማሽኑ ግን ጨርቁን ጥሎ አበደ።

ሁለተኛ ፈተና ተፈቀደላት። ሦስተኛ የለም። አባቷ ደግሞ ቁርጡን ነገራት፦ «ይህን ካላለፍሽ እዚሁ ጅማ መርካቶ ሱቄ ትገቢና ከእኔ ጋር ጨርቅ ትለኪያለሽ።» ልጄ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሱቁን ስለሚወድ ሰው ሁሉ የሚወደው ይመስለዋል። ልጅቷ ላፕቶፗን አቅፋ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሚሳሳት ሰው ፍለጋ ጀመረች። ጓደኞቿን አስቀመጠች። ሁሉም ቁጥር ሲባሉ ቁጥር ይጽፋሉ። እናቷን ብትለምናት «ልሰብረው እችላለሁ» ብላ እጇን ወደ ኋላ አደረገች። በመጨረሻ ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣

«ስህተት ነው እንዲህ የጠፋው?» አለች። «ባለሙያው ያው በረንዳው ላይ ተቀምጦልሽ!»

ልጅቷ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ እርስዎን የፈለግኩዎት ስለማያውቁ አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«የታዘዙትን ስለማያደርጉ ነው።»

ስድብ ይሁን ምስጋና ሳልወስን ወንበሬን ወደ ላፕቶፑ አስጠጋሁ።

የሠራችው ነገር የቡና ሚዛን ቤት ነው። እኔ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ ቡና መቀሸሪያ ቤት ሚዛን ላይ ቆሜ ኖሬያለሁ። ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ጀንፈል የምንለው፣ ከሰኮሩም ከየትም በጆንያ ይመጣል። አንዱ ያወጣል፣ እኔ እቆጥራለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ሌላው ያወርዳል። ልጅቷ ሕፃን ሆና ምሳ ስታመጣልኝ ይህን ስታይ ነው ያደገችው። እናም ፕሮግራሟ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ስንተኛው ጆንያ ነው? ስንት ኪሎ ነው? ከዚያ ወደሚቀጥለው ጆንያ።

መስኮቱ ጥቁር፣ ጽሑፉ ነጭ ነው። የእኛን ፊደል ያ ጥቁር መስኮት አያሳይም አለች፤ ስለዚህ በኦሮምኛ፣ በላቲን ፊደል ጽፋዋለች። ቀስ ብዬ አነበብኩት፦ «ላኮፍሳ ጆንያ ገልቺ።» የጆንያ ቁጥር አስገባ ይላል።

«ማንን ነው ‹ገልቺ› የሚለው?» አልኩ።

«እርስዎን ነዋ።»

«እኩያው ነኝ? ሰላምታ የለ፣ ቁጭ በሉ የለ፣ ‹አስገባ›!»

«አባባ፣ ማሽን እኮ ነው።»

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ደግሞ ማሽን አይደለሽም።»

ሳቋን ውጣ አስተካከለችው። «ገልቻ» አለኝ፤ አስገቡ እንደማለት። አሁን እንነጋገራለን አልኩ።

የላቲን ፊደል የማውቀው ከጆንያ ላይ ነው። ሲታተምበት፣ ሲነበብ፣ ሲደረደር እያየሁ ለመድኩት። የዚህ ማሽን ፊደሎች ግን እንደተማርኩት አይደሉም፤ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ፣ በጎች የገቡበት ማሳ መስለው ተበትነዋል። እየፈለግሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ በአንድ ጣቴ ለመጀመሪያው ጆንያ በረካ ብዬ ጻፍኩ። እንተር የሚሉትን ትልቁን ቁልፍ ተጫንኩ።

ወዲያው ያ «ገልቻ» የሚለው መስመር ደጋግሞ ይወርድ ጀመር። እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደ። «ገልቻ ገልቻ ገልቻ» ዓይን አይከተለውም። ባለቤቴ ከነቢላዋዋ መጣች።

«ምን አደረግከው?»

«እኔ ምንም፤ እሱ ነው የሚለፈልፈው።»

ልጅቷ ግን አልተቆጣችም። ፊቷ ያበራ ነበር። «ይኸው! ይኸው! የሻይ ሻጯ በሽታ ይሄ ነው!» ብላ አጠፋችውና አስረዳችኝ። ማሽኑ ቁጥር እየጠበቀ ነው። ፊደል ሲመጣ አልወስድም ይላል። ግን አይጥለውም፤ ደጃፉ ላይ ይተወዋል። ተመልሶ ሲጠይቅ መልስ አለ ብሎ ደጁን ያያል፤ ያው ፊደል ቆሟል። አልወስድም። ይጠይቃል። ያው ፊደል። እንዲህ እስከ ቂያማ።

«እንደ አክስትሽ ባል ነዋ፣» አልኳት። «አይገባም፣ አይሄድም።»

«እንደሱ፣» አለች። «ስለዚህ ማባረር አለብኝ።»

እሱን የምታባርርበትን ጽፋ ተመለሰች። እኔም ተመልሼ ተቀመጥኩ። በረካ አልኩ፤ አልለፈለፈም፤ ቁጥር ይጻፉ ብሎ በትሕትና መለሰኝ። ለጊዜው ተውኩት። ሁለት ብዬ ሁለተኛውን ጆንያ ጻፍኩ። ኪሎ ሲጠይቀኝ ስድሳ፣ ከኋላውም ኪሎ የሚሉትን ሁለት የላቲን ፊደሎች አስከተልኩ፤ የጆንያው ማኅተም እንደዚያ ነዋ የሚለው። ስድሳውን ዋጠ። ሁለቱን ፊደሎች ግን ወደሚቀጥለው ጥያቄ ወረወራቸው። እኔ እጄን ሳላነሳ ሦስተኛው ጆንያ መጣና «ይህ ቁጥር አይደለም» ብሎ ተቆጣኝ።

«እኔ አልጻፍኩም!» አልኩ።

«ጽፈዋል አባባ፤ ቀድመው።»

«ቀድሜ የጻፍኩት ለሁለተኛው ነው። ለሁለተኛው የሰጠሁትን ለምን ለሦስተኛው ያጎርሰዋል?»

ይህን ስል የማሽኑን አባባል ነገረችኝ፤ ስካን ምናምን የሚባል ትእዛዝ አለ፣ እሱ ከመስመሩ ውስጥ የሚፈልገውን ብቻ ይቆነጥርና የተረፈውን ለሚቀጥለው ይተወዋል። ይህን ልትተወው ነው። ከእንግዲህ ሰው የጻፈውን መስመር እንዳለ፣ ቁጥርም ይሁን ገለባ፣ እንደ ጽሑፍ ተቀብላ ሰፌድ ላይ ታሰጣዋለች። ከዚያ አንድ በአንድ ትለቅመዋለች። ንጹሕ ቁጥር ከሆነ ታስገባለች፤ ካልሆነ መስመሩን ሙሉውን ትደፋና እንደገና ትጠይቃለች።

«ሰፌድ?» አለች ባለቤቴ ከወጥ ቤት። «አንቺ ሰፌድ መቼ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«በሲ ይዣለሁ፣ እማማ።»

«በሲ የተበጠረ ጤፍ አምጪና እንየው።»

እንዲህ እየሆነ ያ ሳምንት አለፈ። ከዙህር ሰላት ስመለስ ላፕቶፑ በረንዳው ላይ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። እኔ ሳበላሽ እሷ ስትሠራ። አንድ ቀን በዜሮ ፈንታ ያንን ክቡን የላቲን ፊደል ነካሁና «ቁጥር ይጻፉ» አለኝ።

«ቁጥር ነው የጻፍኩት! ዜሮ ነው!»

«ያ ፊደል ነው፣ አባባ።»

«ሁለቱም እንቁላል ናቸው። እናታቸውን እንዴት ልወቅ?»

ሌላ ቀን ባለቤቴ ራሷ መጥታ ተቀመጠች። ጥያቄውን አስነበበችና ምንም ሳትጽፍ ትልቁን ቁልፍ ብቻ ተጫነች። «ባልመልስለትስ ምን ያመጣል?» አለች። ማሽኑ ባዶውን መስመር እንደ ዜሮ ቆጥሮ ተቀበላት። ልጅቷ ጭንቅላቷን ያዘች። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አየህ? አንተ ለማበላሸት ትለፋለህ፣ እኔ ዝም ብዬ ነው» አለች። እኔ ደግሞ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ክርኔ ቁጥሮቹ ላይ ቢያርፍ፣ እንደ ገመድ የረዘመ ቁጥር ገባና የቡናው ክብደት ከዜሮ በታች ሆኖ ወጣ። ከዜሮ በታች የሚመዝን ጆንያ! ዕድሜዬን ሙሉ ሚዛን ላይ ቆሜ እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም። ልጅቷ ይህንንም ዘጋችው፤ አንድ ጆንያ ከዚህ አያንስም፣ ከዚያ አይበልጥም ብላ አጥር አጠረችለት።

የፈተናው ዋዜማ ላይ ምንም ባደርግ አይወድቅም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ በረካ።

እዚህ ላይ ስለ በረካ ልናገር። አባቴ ሚዛን ያስተማረኝ ቀን፣ የመጀመሪያው ጆንያ ሲወጣ «አንድ» አልኩ። በመዳፉ አፌን ያዘኝ። «አንድ የአላህ ነው። ጆንያ አንድ አይባልም። የመጀመሪያው በረካ ነው፤ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት።» እሱም ከአባቱ ነው የተማረው። ቁናም ስንሰፍር፣ ጣሳም ስንሰፍር፣ ዶሮ ስንቆጥር እንኳ እንደዚያ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያው ጆንያ አንድ ብዬ አላውቅም። ለማሽን ብዬ አልጀምርም።

«አባባ፣» አለችኝ ዋዜማ ከአስር ሰላት በኋላ፣ «ሁሉም አልቋል። እባክዎ አንዴ ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትክክለኛውን ይጻፉልኝ፤ ልየው።»

ጥያቄው መጣ። በረካ ብዬ ጻፍኩ። «ቁጥር ይጻፉ» አለ። በረካ። «ቁጥር ይጻፉ።» በረካ።

«1 ይጻፉ፣ አባባ።»

«የመጀመሪያው በረካ ነው።»

«ፈተናው እኮ ፊደል እንዳይቀበል ነው! መምህሩ የሚያየው እሱን ነው። ፊደል ከተቀበለልኝ ይጥለኛል።»

«ታዲያ ይህ የጅማ ሚዛን ቤት አይደለም። ሌላ አገር ውሰጂው።»

«ሻይ ሻጯን ያስቀመጠብኝ ሰው በረካ ምን እንደሆነ ያውቃል?»

«አያውቅ እንደሆነ ይማራ! መምህር መማር ተከልክሏል?»

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን አላለቀሰችም። ላፕቶፑን ከደነችና «እሺ» ብላ ገባች። ባለቤቴ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ጨርቅ ስትለካ ማየት አማረህ?»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላልክም። አንድ ማለት ብቻ ነው ያቃተህ።»

መግሪብ ልሰግድ ተነሥቼ ሄድኩ። ከመስጂድ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ከባለቤቴ ጋር እየተከራከርኩ ነው፤ እሷ ደግሞ አጠገቤ የለችም። እንዲህ ያለ ክርክር ይከፋል፤ ማን እንደሚረታ አይታወቅም።

በማግስቱ ከልጅቷ ጋር ወደ ፈተናው ሄድኩ። አይምጡ አላለችኝም፣ ይምጡም አላለችኝም። ዓይኗ ቀይ ነበር። በባጃጅ ሄድን። እሷ ወደ ክፍሉ ስትገባ እኔ ከበሩ አጠገብ፣ ዘበኛው ባለበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ሰው መጥቶ ለዘበኛው «መምህሩ ሰው ፈልግ ብሎሃል» አለው።

«ሻይ ሻጯስ?»

«እሷማ ለመደችው። አሁን አትሳሳትም።»

ዘበኛው ግቢውን ግራና ቀኝ አየና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«አባቴ፣ ኮምፒውተር ያውቃሉ?»

«አላውቅም፣» አልኩት። ዋሸሁ? አላውቅማ! ሲያበላሹት ነው የማውቀው።

«እንግዲያው ይነሡ፤ ለአንዲት ተማሪ ይተባበሩን።»

ማን መሆኔን አልጠየቀኝም፤ የየትኛዋ ተማሪ ፈተና እንደሆነም እኔ አልጠየቅሁትም። ክፍሉ ስገባ ግን የሚጠብቀኝ የልጄ ልጅ ላፕቶፕ ነው። ልጅቷ ግድግዳው ጋ ቆማለች። ስታየኝ አፏን በእጇ ያዘች። አያቷ ነኝ ልል ስል መምህሩ ወንበር ሳበልኝ። ደልደል ያለ፣ ፊቱ ፈገግ ያለ ሰው ነው፤ ንግግሩ ወላይታ ወላይታ ይላል።

«ይቀመጡ አባቴ። የሚጠይቅዎትን ይመልሱ፤ ልክ እንደመጣልዎት። ምንም አይፍሩ።»

«ላኮፍሳ ጆንያ ገልቻ» አለ መስኮቱ። በአክብሮት ነው፤ እኔ ያስተካከልኩት። ጣቴን አነሣሁ። በረካ ብል «ፊደል» ይሆናል። አይቀበለውም፣ በትሕትና ይመልሰኛል፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ቢለፈልፍስ? ሌሊቱን የሆነ ነገር ነክታ አበላሽታው ቢሆንስ? ዓይኗ ቀይ ነዋ። ያ «ገልቻ» እንደ ሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ታየኝ። ከዝናቡ በስተጀርባ ልጅቷ ሜትር ይዛ ቆማለች።

አስተግፊሩላህ ብዬ 1ን ነካሁ።

ኪሎ ጠየቀኝ፤ ስድሳ አልኩ፣ ፊደል ሳልጨምር። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ዜሮውን ከክቡ ፊደል ለይቼ። ክርኔን ከጠረጴዛው አርቄ። እንደ መድረሳ ልጅ ተጠንቅቄ ጻፍኩ። መምህሩ ቆሞ አየኝ፣ አየኝና ወደ ዘበኛው ዞረ።

«እኚህን አባት አያውቁም ነው ያልከኝ?»

«አላውቅም ነው ያሉኝ።»

«ከተማሪዎቼ ይሻላሉ እኮ! በዚህማ ምን እፈትናለሁ?» ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «አባቴ፣ እባክዎ ይሳሳቱልኝ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ተሳሳትክ ሲሉኝ ኖረዋል፤ ተሳሳት ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። በትእዛዝ ደግሞ የምሠራው ነገር የለም። እጄን ከቁልፎቹ አነሣሁ።

«እንዴት ነው የምሳሳተው?» አልኩት።

«እኔ ከነገርኩዎትማ የእኔ ስህተት ሆነ።»

ያኔ ልጅቷ ከግድግዳው ተላቀቀች። «አባባ!» አለች። «ለምንድን ነው 1 የጻፉት?»

መምህሩ ቀና አለ።

«አንቺ አይደለሽ ይጻፉ ያልሽኝ?»

«ትናንት ነዋ! ሌሊቱን ሙሉ ለእርስዎ ብዬ በረካን ሳስገባ አድሬ፣ 1 ይጻፉብኛል? በረካ ይበሉ እንጂ!»

መምህሩ እኔን አየ፣ እሷን አየ። «አያትሽ ናቸው?»

«አዎ።»

«እግዜር ያሳይህ!» አለ ዘበኛውን። ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ልነሣ ስል መምህሩ ትከሻዬን ያዘኝ። «ይቀመጡ። አያት ከሆኑ ይባስ ማበላሸት አለብዎት፤ አለዚያ አዝነውላት ነው ይባላል። ከመጀመሪያው ይጀምሩ።»

ጀመርኩ። ገልቻ አለኝ። ፊደሎቹን ከያሉበት እየለቀምኩ በረካ ብዬ ጻፍኩ። ትልቁን ቁልፍ ተጫንኩ። ዓይኔን ልጨፍን ነበር፤ አልጨፈንኩም። «በረካ» ብሎ መለሰልኝ፤ በሚቀጥለው መስመር ኪሎ ጠየቀኝ።

ተቀበለኝ!

መምህሩ ግን ፈገግታው ጠፋ። «ቆይ። ቁጥር እንጂ ፊደል አይቀበልም ብለሽ ነው ያስረዳሽኝ። ይኼ ፊደል ነው።»

ልጅቷ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ድምጿ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ቆይቶ ግን እንደኔው ደረቀ። «ጋሼ፣ እዚህ አገር ሚዛን ላይ ያለ ሰው የመጀመሪያውን ጆንያ አንድ አይለውም። በረካ ነው የሚለው። እሱን ስህተት ካልኩበት መጀመሪያውኑ አይጠቀምበትም። ፕሮግራሙ የሚጽፍበትን ሰው ሳያውቅ ምኑን ነው የሚፈትሸው?»

«እውነት ነው አባቴ?»

«ወላሂ እውነት ነው።»

«በረካ… በረከት ማለት ነው?»

«እንደዚያው ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኛም ቤት እህል ስንሰፍር በጌታ ስም ሳንል አንጀምርም።» ከዚያ ተንኮል መጣበት፤ ዓይኑ ላይ አየሁት። ጎንበስ ብሎ በራሱ እጅ ለሁለተኛው ጆንያም በረካ ብሎ ጻፈ።

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። መስኮቱ «በረካን አል ቶኮ» አለ፤ በረካ አንዴ ብቻ ነው። ከሥሩ ደግሞ በትሕትና «ገልቻ»።

«ልክ ነው፣» አልኩ እኔ። «ሁለቴ በረካ ማለት ስስት ነው።»

መምህሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ያልሞከረው የለም። ባዶ መስመር፣ ክፍት ቦታ፣ ክቡን ፊደል፣ ከዜሮ በታች። ክርኑን ሙሉ አጋደመው፤ ያ ክርን ከእኔ ይከብዳል። ማሽኑ እያንዳንዱን ሰፌድ ላይ አይቶ፣ ደፍቶ፣ ገልቻ እያለ ቆመ። እኔ ልጅቷን ነው የማየው። እሷ ማሽኑን አታይም፤ እኔን ነው የምታየው። አገጯ ወደ ላይ ነው፤ የእኔ አገጭ።

«አለፈ፣» አለ መምህሩ በመጨረሻ። «አንቺም።»

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ልጅቷ መጥታ ግንባሬን ሳመችው፤ እኔም ዕቃው እንዳይወድቅ ብዬ ላፕቶፑን ያዝኩ። ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል አንዳንዴ።

ስንወጣ መምህሩ እስከ በሩ ሸኘን። «አባቴ፣ ነገ የሌሎቹ ፈተና ነው። ሻይ ሻጯም ለመደችብኝ። ይምጡልኝ እንጂ፤ እንደቤትዎ ሆነው።»

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ሰማች። የልጅቷ አባትም ሰማ፤ «እንግዲህ ሱቁን ብቻዬን ልሙትበት» ብሎ ሳቀ፤ ደስ ብሎት ነው፣ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ግን እኔን ነው የያዘችኝ።

«እኔ ላይ አርባ ዓመት በነፃ ስትሳሳት ኖረህ፣ ኮሌጁ ላይ ደግሞ በግብዣ?»

«አንቺ መቼ ጠራሽኝ? ተሳሳትክ ትያለሽ እንጂ ተሳሳት ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ነገ ሄደህ እንደዛሬው 1 ብትጽፍ ወዮልህ!»

በማግስቱ ጧት ከሱብሂ በኋላ አልተኛሁም። የዒድ ኮቴን አወጣሁና ለበስኩ። ልጅቷ ተኝታለች፤ ባለቤቴ ዝም ብላ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ። በእግሬ ሄድኩ። በሩ ገና አልተከፈተም ነበር፤ ዘበኛው በጠባቡ በኩል ብቅ አለ። ኮቱን አየና አላወቀኝም።

«አቤት አባቴ፣ ለምን ጉዳይ ነው?»

«ልሳሳት ነው የመጣሁት፣» አልኩት። «ክፈትልኝ።»